ከደብሩ አጥር ውጭ፦ የጣና ዳርቻ አጥቢያና ባለ እጆቹ ከመቶ ዓመት በፊት

ስለ ጣና ዳርቻ የተጻፈውን የሚመረምር ሰው ቀድሞ የሚያገኘው አድባራቱንና ገዳማቱን ነው፤ ክብራን ገብርኤልን፣ ዳጋ እስጢፋኖስን፣ ናርጋ ሥላሴን፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን፤ ከነሥዕላቸው፣ ከነብራናቸው፣ ከነመሥራቾቻቸው ገድል። ከዚያ የሚመጣው የመሬቱ ነገር ነው፤ የትኛው ንጉሥ ወይም የትኛዋ እቴጌ ለየትኛው ደብር ጉልት እንደተከሉ፣ የትኛው ጋሻ መሬት ለካህናት እንደተቆረጠ። ሁለቱ ሲደመሩ የአንድ አጥቢያ ሙሉ መልክ የተገኘ ይመስላል። በእኔ ግምገማ ግን ከመልኩ ግማሹ ቀርቷል። ከመቶ ዓመት በፊት የነበረው የጣና ዳርቻ አጥቢያ ዕለት ዕለት ይቆም የነበረው አጥቢያው የኔ ብሎ በማይቆጥራቸው ሰዎች ሙያ ነው። ይህ ደግሞ በአጋጣሚ የሆነ አልነበረም፤ አጥቢያው ራሱን ባዋቀረበት በመሬትና በጥምቀት ሥርዓት ውስጥ የተተከለ ነገር ነበር። ስለዚህ የአካባቢውን ታሪክ ከደብሩ ሰነድ ብቻ ተነስቶ የሚጽፍ ሰው ቅን ቢሆን እንኳ የተጓደለ ታሪክ መጻፉ አይቀርም።

በ1917 ዓ.ም. አካባቢ ባሕር ዳር የሚባል ከተማ አልነበረም። የነበረው ባሕር ዳር ጊዮርጊስ ነው፤ በዋርካና በሾላ የተከበበ ደብር፣ ዙሪያውን የተበተኑ የሣር ቤቶች፣ ከፊቱ ሐይቁ፣ ከምሥራቁ ከሐይቁ የሚወጣው ዓባይ። ዓባይ ያኔ የግዛትም ወሰን ነበር፤ ወዲህ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት የሚገዙት ጎጃም፣ ወዲያ ራስ ጉግሣ ወሌ የሚገዙት በጌምድር። በአጥቢያው ላይ ሁለት ዓይነት ሹም ነበረ። በቤተ ክርስቲያኑ በኩል አለቃው፣ ገበዙ፣ መሪ ጌታውና ሰሞነኞቹ፤ በመንግሥቱ በኩል ጭቃ ሹሙ፣ አሥራቱንና ግብሩን እየሰፈረ የሚሰበስበው። የጎጃምን የርስት ሥርዓት በደጋ ዳሞት ያጠናው አላን ሆበን በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ አንድ ሰው መሬት የሚጠይቀው ከአቅኚ አባት መወለዱን ቆጥሮ ነው፤ የዘር ቆጠራው በአባትም በእናትም ይሄዳል፤ የአቅኚው አገርና የደብሩ አገር ደግሞ ባብዛኛው አንድ ነው። እዚህ ላይ መሬቱ ደብሩን የማገልገል ግዴታ ያለበት መሆኑን ስንጨምር፣ የአጥቢያ ሰው መሆን ሁለት በር እንደነበረው እናያለን፦ ትውልድና ጥምቀት። ሆበን የጻፈው ስለ ደጋው አራሽ ነው፤ ውኃውን ሳያዩ ግኝቱን በሐይቁ ዳርቻ ላይ እንዳለ መጫን አይገባም። የሁለቱ በሮች ነገር ግን እዚህም ያው ነው። ሙያ በር አልነበረም። አንድ ሰው ጎበዝ ቀጥቃጭ ስለሆነ የአጥቢያው ሰው አይሆንም፤ እንዲያውም ቀጥቃጭ መሆኑ ብዙ ጊዜ አለመሆኑን ያስረዳል።

እዚህ ላይ የምንጩ ጠባይ ራሱ መታየት አለበት። በዚያው ዘመን የነበረን የእንግሊዝ ገጠር አጥቢያ ለሚያጠና ሰው ሥራው ቀላል ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1812 ባወጡት ሕግ መሠረት ከ1813 ጀምሮ በየአጥቢያው የጥምቀት መዝገብ ላይ ከሕፃኑ ስም ጎን የአባቱ ሙያ የሚጻፍበት ዓምድ ተሰጥቶታል፤ አንጥረኛው፣ የሠረገላ ጎማ ሠሪው፣ ጣሪያ ከዳኙ፣ የቀን ሠራተኛው ሁሉ በቄሱ እጅ ተጽፈዋል። (የእናቲቱ ሥራ ግን ዓምድ አልነበረውም፤ ያም መዝገብ ቢሆን የራሱን ሰው ይደብቃል።) የኛ አጥቢያ ጽሕፈት የሚገኘው በወንጌሉ ኅዳግና በባዶ ገጾቹ ላይ ነው። የሚጻፈውም የመሬት ስጦታ፣ ሽያጭ፣ ውርስና ኑዛዜ፣ እንዲሁም የምስክሮች ስም ነው። ለዚህ ጽሕፈት ያለኝ አክብሮት ከፍ ያለ ነው፤ የኢትዮጵያን የመሬት ታሪክ እንደ ዶናልድ ክረሚ ያሉ ሊቃውንት የጻፉት በእሱ ላይ ቆመው ነው። ነገር ግን መሬት የሌለው ሰው ወደዚህ ጽሕፈት የሚገባበት ምክንያት የለውም። የእንግሊዙ መዝገብ የተጠማቂውን ሁሉ ቤት ይቆጥራል፤ የኛው የባለ ርስቱን ጉዳይ ይመሰክራል። ስለዚህ ባለ እጅ ከሰነዱ ቢጠፋ ከአገሩ አልነበረም ማለት አይደለም።

ክፍተቱን የውጭ ሰዎች ጽሑፍ ይሞላዋል የሚል ተስፋ ቢኖር፣ የሚሞላው በከፊል ነው። አፄ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር ባደረጉት ውል የዓባይንና የጣናን ውኃ የሚገታ ሥራ ያለ እንግሊዝ ስምምነት ላለማሠራት ከተስማሙ በኋላ፣ ወደ ሐይቁ የሚመጣው ባዕድ ዓይኑ ውኃው ላይ ነበር። ግራብሃምና ብላክ እ.ኤ.አ. በ1920 እና 1921 የውኃውን ከፍታና ፍሰት ለኩ፤ ጄ. ጂ. ዋይት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ደግሞ ከአሥር ዓመት በኋላ የግድቡን ነገር አጠና። ከሁሉ ይልቅ ለሰው ዓይን የነበረው እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሜጀር ችስማን ነው። ደሴቶቹን በታንኳ እየዞረ ጎበኘ፣ ካርታቸውን አነሳ፣ ያየውንም በ1936 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ተወልን። እሱም ቢሆን ታንኳው ላይ ተቀምጦ የሚያየው ከፊቱ ያለውን ደሴትና ቤተ ክርስቲያን ነው። እኛ የምንፈልገው ጉዳይ ግን ከሥሩ ነበር፤ ታንኳው ራሱ።

ታንኳውን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል፤ ክርክሬን ከሱ የተሻለ የሚያስረዳ ዕቃ የለም። ታንኳው የሚሠራበት ደንገል ከሐይቁ ዳር ታጭዶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ሲጠወልግ በነዶ በነዶ ይታሰርና ነዶው ከነዶው በልጥ ይጠፈራል፤ አፍንጫው ወደ ላይ ይቀለበሳል። ከውስጥ ደግሞ ሸክሙ የሚያርፍበት ሌላ የደንገል ርብራብ ይነጠፋል፤ ታንኳ ውኃ ያስገባልና። ደንገሉ ቀላል ስለሆነ ውኃ ቢያስገባም አይሰጥምም፣ ግን እየጠጣ ይከብዳል። ስለዚህ ከጉዞ ሲመለስ ከውኃ ወጥቶ ቆሞ ይደርቃል፤ እንዲያም ሆኖ ዕድሜው በወራት የሚቆጠር ነው። ከዚህ የመጨረሻ ነጥብ ብዙ ነገር ይከተላል። የቤተ ክርስቲያን በር አንድ ጊዜ ከተጠረበ ለትውልድ ይበቃል፤ ጠራቢው ቢረሳም በሩ አለ። ታንኳ ግን ያለማቋረጥ ሠሪ ይፈልጋል። ደቅን ከመሰለው ሰፊ ደሴት በቀር የደሴት ገዳም የሚበላውን አያበቅልም፤ እህሉ፣ ዕጣኑ፣ ዘቢቡ፣ ካህኑና ተሳላሚው ሁሉ የሚሻገሩት በዚያ በወራት በሚያረጅ ደንገል ነው። ታንኳ የሚሠራና የሚቀዝፍ የዘጌና የደሴት ሰውም ነበረ፤ የሙያው ዋና ባለቤት ተብሎ የሚታወቀው ግን ነገደ ወይጦ ነው። ወይጦዎች ጉማሬ አዳኝ፣ ዓሣ አጥማጅ፣ የደንገል ዕቃ ሠሪና የወፍጮ ድንጋይ ጠራቢ ነበሩ። ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የራሳቸው ቋንቋ እንዳላቸው ጽፏል፤ ማርሴል ኮኸን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሲመጣ ግን የሚናገሩት አማርኛ ነበር። እስላም ነን ቢሉም ጉማሬ ስለሚበሉ ሌላው እስላም አይቀበላቸውም፤ ክርስቲያኑም ከነሱ ጋር ማዕድ አይቀርብም። እንግዲህ በዚህ ዳርቻ የወፍጮ ድንጋይ የሚጠርበው ወይጦ ከነበረ፣ በአጥቢያው ያለች ባልቴት እህሏን የምትፈጨው፣ ማዕዱ አይነካም በሚባል ሰው እጅ በተጠረበ ድንጋይ ላይ ነበር ማለት ነው። ድንጋዩ አላረከሰም፤ የሚያረክሰው ሰውየው ነበር።

የቀረው ሙያ በአጭሩ ሊታለፍ ይችላል፤ ሥርዓቱ ያው ነውና። ገበሬው ያለ ማረሻ፣ ያለ ወገልና ያለ ማጭድ አይንቀሳቀስም፤ ወናፉ ግን በቀጥቃጩ ቤት ነው፤ ዋጋውም ብዙ ጊዜ በመኸር ጊዜ በሚሰፈር እህል ይከፈላል። በሰሜኑ ዳርቻ፣ በደምቢያና በጎንደር ዙሪያ፣ ብረቱና ሸክላው በአብዛኛው በቤተ እስራኤሎች እጅ ነበር። ጥጡን ባዘቶ አድርጋ በእንዝርት የምትፈትለው የቤቱ እመቤት ናት፤ ድርና ማጉን ይዞ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ሰዶ የሚሸምነው ግን ብዙ ጊዜ እስላም ነው። የቄሱ ነጠላና ጥምጣም፣ የታቦቱ መጎናጸፊያ፣ የከበሮው ቆዳ፣ የመጽሐፉ ማኅደር፣ ሁሉም በአንድ ወይም በሌላ ደረጃ የቤተ ክርስቲያን ሰው ባልሆነ እጅ አልፈዋል። ንግዱም እንዲሁ ነው። የአሞሌውንና የማርትሬዛ ብሩን ገበያ ከቆራጣና ከኢፋግ እስከ መተማ ያገናኙት አብዛኞቹ እስላም ነጋዴዎች ናቸው።

የመጀመሪያው ተቃውሞ እዚህ ላይ ይነሳል። ባለ እጁን ያስገለለው መሬት ሳይሆን እምነት ነው፤ ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፣ ሸክላ ሠሪ ሰው ትበላለች የሚለው ፍርሃት ከርስት ሥርዓት ውጭም አለ ይባላል። ተቃውሞው ክብደት አለው፤ የፍርሃቱን መኖርም የሚክድ የለም። ነገር ግን የትኛው እንደቀደመ ለማየት የዘመን ቅደም ተከተሉ ይረዳናል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ይስሐቅ የተነገረ የሚባለው ቃል የተጠመቀ የአባቱን መሬት እንዲወርስ፣ ያልተጠመቀ ግን ፈላሲ እንዲሆን የሚያዝዝ ነው። ጄምስ ክዊሪን የቤተ እስራኤልን ታሪክ ሲመረምር ያገኘውም መሬት ማጣቱ እየሰፋ ሲሄድ ብረት፣ ሸክላና ግንብ የኑሮ መሠረት እየሆነ መምጣቱን ነው። በ1660 ዓ.ም. በጎንደር የተደረገው ጉባኤ ደግሞ እስላሙና ቤተ እስራኤሉ ከክርስቲያኑ ተለይቶ እንዲሰፍር ወሰነ። መሬት ያጣ ወደ እጅ ሥራ ገባ፤ እጅ ሥራው የመለያ ምልክት ሆነ፤ ፍርሃቱ ምልክቱን አጠነከረው። ይህ አካሄድ የማይፈታው ነገር እንዳለም መሸሸግ አያስፈልግም። መሬት ማጣት ብቻውን ምክንያት ቢሆን ኖሮ ሸማኔውና ቀጥቃጩ እኩል በተፈሩ ነበር፤ አልተፈሩም። በበጋ የሚሸምን ባለ ርስት ክርስቲያን ይገኛል፤ ብረት የሚቀጠቅጥ ባለ ርስት ግን ከስንት አንድ ነው። እሳትና ብረት፣ ጥሬ ቆዳና ጭቃ የራሳቸው የቆየ ፍርሃት አላቸው። እኔ የምለው መሬት ፍርሃቱን ፈጠረ ሳይሆን ለፍርሃቱ አድራሻ ሰጠው ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይህ የዛሬን ሚዛን ወደ ኋላ መጫን ነው የሚል ነው፤ ያኔ ሁሉም ቦታውን ያውቅ ነበር፣ አራሹ እህል፣ ቀጥቃጩ ማረሻ፣ ወይጦው ታንኳ እየሰጡ በሰላም ኖሩ ይላል። መተጋገዙ እውነት ነው፤ ያለ መተጋገዝ ማንም በዚያ ዳርቻ አንድ ክረምት አያልፍም። ግን የዘመኑ ሰዎች ራሳቸው ጉዳዩን እንደ ጉድለት አይተውታል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው እየጠሩ መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል፤ ደስ ብሎት በቦታው የተቀመጠን ሰው ለመከላከል አዋጅ አያስፈልግም። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝም ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው መጽሐፋቸው የአገሩን ድህነት ከእጅ ጥበብና ከንግድ ኋላ መቅረት ጋር አያይዘው ተከራክረዋል። ደግሞም የክብሩ ነገር ከሥራው ዓይነት ጋር ብቻ የተያያዘ ቢሆን ኖሮ ብራናው ባስቸገረ ነበር። የፍየልን ቆዳ ወጥሮ፣ ፍቆ፣ አለስልሶ ብራና የሚያወጣው ሰው ደብተራ ወይም መነኩሴ ነው፤ ስሙ ከሊቃውንት ጋር ይነሳል። ያንኑ ቆዳ ነክሮና ፍቆ ለጭነትና ለመኝታ የሚያዘጋጀው ደግሞ የተናቀ ሰው ነው። ቆዳው ያው፣ መፋቂያው የተቀራረበ፣ ሽታውም ያው ነው። የተለየው ሠራተኛው በአጥቢያው ውስጥ ያለው ቦታ ነው።

ከሁሉ የከበደው ማስረጃ ክርክሬን የሚያፈርስ የሚመስለው ዘጌ ነው። ዘጌ አይታረስም። አባቶች የሚተርኩት አቡነ በትረ ማርያም በሬ ጠምዶ ማረስን ከልክለው፣ በምትኩ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ እንደሰጡ ነው። ልሳነ ምድሩ ጫካ ሆኖ የቀረውም በዚህ ኪዳን ነው ይላሉ። እዚህ የአጥቢያው ሰው ራሱ የንግድ ሰው ነበር፤ ቡናውንና ጌሾውን በታንኳ አውጥቶ በእህል ይለውጣል። እንግዲህ አጥቢያና ሙያ በአንድ እጅ የተገናኙበት ቦታ ይኸው፣ ክርክሩም ፈረሰ ሊባል ይችላል። አንድ የማይዘለል ነገርም አለ። ቡና መጠጣት የእስላም ልማድ ነው ተብሎ በቤተ ክርስቲያን በሚነቀፍበት ዘመን እንኳ የገዳሙ አገር ቡና ይሸጥ ነበር፤ ለጠጪው ነውር የሆነው ለሻጩ ነውር አልሆነም። ወደ ጫካው ውስጥ ስንገባ ግን የምናገኘው ሌላ ነው። የዘጌን ቡና የሚለቅመው፣ የሚሸከመው፣ ጫካውን የሚመነጥረው ጉልበት በብዛት የባሪያ ጉልበት ነበር። የታሪክ ተመራማሪው አብዱሰመድ አሕመድ ከቤላ ሻንጉልና ከጉሙዝ አገር ስለሚመጣው የባሪያ ንግድ የጻፉት የዚህን ጉልበት ምንጭ ያሳያል። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ከሆነች በኋላ በዚያው ዓመት የባሪያ ነጻ መውጣት አዋጅ ወጣ፤ አዋጁ ግን ደረጃ በደረጃ የሚሄድ ነበር፤ ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። በዘጌ የኖረው አንትሮፖሎጂስት ቶም ቦይልስተን በ2018 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ የባሪያ ዘር የሚለው መገለል ባርነቱ ከቀረ በኋላም በማዕድና በዝምድና ላይ ቆይቷል። የተጠመቁ ሰዎች ናቸው፤ ከሁለቱ በሮች አንዱን ገብተዋል። ሁለተኛው፣ የትውልዱ፣ ግን ተዘግቶባቸዋል። ስለዚህ ዘጌ ከጠቅላላው ክርክር ውጭ የቆመ አይደለም። ማረስ በቀረበት ቦታ እንኳ ከባዱ ሥራ ወደ ውጭ ሰው እጅ እንደሚገፋ በግልጽ ያሳያል። በሌላው ዳርቻ የውጭ ሰው ያለ መሬት በሙያው ነጻ ሆኖ ኖረ፤ እዚህ ደግሞ ያለ መሬትም ያለ ነጻነትም ሠራ።

አንድ ሌላ ተቃውሞ ቀርቷል፤ ከቤተ ክህነት ሰዎች በኩል ቢነሳ አይገርምም። አጥቢያ በመጀመሪያ የጸሎት ማኅበር እንጂ የኢኮኖሚ ድርጅት አይደለም፤ ስለ ቀጥቃጭና ስለ ወይጦ ሊጠየቅ አይገባውም የሚል። እኔም ደብሩን በአባልነት ደንቡ አልከስም፤ ማንኛውም የሃይማኖት ማኅበር የራሱን አባል ይመርጣል። ነገር ግን የዚያ ዘመን አጥቢያ መሬት የሚያዝበት፣ ግብር የሚሰፈርበት፣ ምስክር የሚቆጠርበት አካልም ነበር። ጭቃ ሹሙና ገበዙ አንዱን ሕዝብ ከሁለት ወገን ይይዙት ነበር። ከጸሎቱ ማኅበር የወጣ ሰው ከመሬቱም፣ ከምስክርነቱም፣ በመጨረሻም ከጽሑፉ ወጣ። የታሪክ ጸሐፊው ጥያቄ የሚጀምረውም ከዚህ ነው።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ለውጥ ፈጣን ነው። የጣሊያን ወረራ ባሕር ዳርን የአስተዳደርና የጀልባ ጣቢያ አደረጋት፤ ሞተሩ የታንኳን ጭነት መውሰድ ጀመረ። በ1953 ዓ.ም. የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ተከፈተ፤ የሸማኔው ጉድጓድም ሌላ ተወዳዳሪ መጣበት። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትና ጉልትን አፍርሶ ለማረስ ፈቃደኛ ለሆነ ሁሉ መሬት ሰጠ፤ የአቅኚ አባት ቆጠራም በሕግ ዋጋ አጣ። ከተማው ወደ ሐይቁ እየሰፋ ሲመጣ ግን ከዳርቻው መግፋት የጀመረው ደንገሉንና በደንገሉ የሚኖሩትን ነገደ ወይጦ ነው፤ የመሬት ይዞታቸው ጥያቄ እስከ ዛሬ አልተዘጋም።

በአሁኑ ጊዜ በየደብሩ የምሥረታ በዓል የአጥቢያው ታሪክ በመጽሐፍ እየታተመ ነው፤ የወንጌሉ ኅዳግ ጽሕፈትም እየተገለበጠ ነው። ሥራው የሚመሰገን ነው። ለአዘጋጆቹና በባሕር ዳር ላሉ የታሪክ ተማሪዎች የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፦ የአለቆቹን ስም ዝርዝር ካተማችሁ በኋላ፣ ደወሉን ያነጠረው፣ መጎናጸፊያውን የሸመነው፣ የቤተልሔሙን ወፍጮ የጠረበውና ታቦቱን በታንኳ ያሻገረው ማን እንደነበረ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎችን ፈልጋችሁ ጠይቁ። የታንኳ ሠሪዎቹ ቁጥር እየሳሳ፣ ደንገሉም ከዳርቻው እየጠፋ ስለሆነ ጥያቄው ለሚቀጥለው የምሥረታ በዓል የሚቆይ አይደለም።